ታማሚው ራሱ መወሰን ሲያቅተው፦ አሳዳሪ፣ ሞግዚት፣ ኑዛዜና ውርስ በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ

በአጭሩ

• ድንገተኛ ሕክምና የፍርድ ቤት ወረቀት አይጠብቅም። ታማሚውን መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ያድርሱ።
• አንድ ሰው የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የዓይን ሥውርነት ስላለበት ብቻ የመወሰን መብቱን አያጣም።
• ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ንብረቱን በሌላ ሰው እንዲያስተዳድር የሚያደርገው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የዘመድ ስምምነት ብቻውን ይህን አያደርግም።
• በአልጋ ላይ በቃል የተነገረ ኑዛዜ በሕግ የሚጸናው በጣም ጠባብ በሆኑ ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው።
• በሽታው ሲሻለው ሰውየው መብቱን በፍርድ ቤት ማስመለስ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ለማን ነው?

እናትዎ ወይም አባትዎ በመርሳት ሕመም ምክንያት ገንዘብ መቁጠር፣ ሰው መለየት ካቃታቸው፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ በከባድ የአእምሮ ሕመም ከተያዙ፣ ባለቤትዎ በስትሮክ ምክንያት መናገር ካልቻሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። የተጻፈው በመካነ ሰላም ከተማና በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በመሐል ሳይንትና በአማራ ሳይንት ወረዳዎች ያሉ ቤተሰቦችን በማሰብ ነው። በእነዚህ ደጋ አካባቢዎች የብዙ ሰው ሀብት የእርሻ መሬትና ከብት ነው። ባለመሬቱ ታሞ ማሰብ ሲሳነው መሬቱ ያለ ጠባቂ ይቀራል። መሬቱን በእኩል የሚያርሰው ሰው ምርቱን በትክክል ላያካፍል፣ ዘመድም በታማሚው ጣት አሻራ ውል ሊያስፈርም ይችላል። ታማሚውም የመድኃኒት፣ የምግብና የመጓጓዣ ገንዘብ ያጣል። ስለዚህ የሕግ ጥበቃው የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች ስለ “ፕሮቤት ፍርድ ቤት” ሲያወሩ ሰምተው ይሆናል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ የሚያይ የተለየ ፍርድ ቤት አላቸው፤ ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ለብቻው የቆመ ፍርድ ቤት የለም። ጉዳዩን የሚያየው መደበኛው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የሚሠራባቸው ዋና ሕጎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በመላ አገሪቱ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሁለተኛው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የገጠር መሬትን በተመለከተ ደግሞ የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 አለ።

የቃላቱ ትርጉም

ችሎታ፦ አንድ ሰው ውል ለመዋዋል፣ ንብረት ለማስተዳደር፣ ኑዛዜ ለማድረግ በሕግ ያለው ብቃት ነው። መነሻው ማንኛውም ሰው ችሎታ አለው የሚል ነው። ችሎታ የለውም የሚል ወገን ነው ማስረዳት ያለበት።

አካለ መጠን ያላደረሰ፦ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

አእምሮው የጎደለ ሰው፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 339 የሚጠቀምበት አነጋገር ነው። በአእምሮ እድገት ማነስ፣ በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና መጃጀት ምክንያት የሚሠራው ሥራ ምን ውጤት እንደሚያመጣ መረዳት የማይችል ሰው ማለት ነው። ቃሉ የሕግ ቃል እንጂ የሕክምና ምርመራ ውጤት አይደለም። በቤት ውስጥ ታማሚውን በዚህ ስም አይጥሩት።

የፍርድ ክልከላ፦ ፍርድ ቤት አንድን ሰው ለራሱ ጥቅም ሲል ብቻውን ንብረት እንዳያስተዳድርና ውል እንዳይዋዋል የሚወስነው ውሳኔ ነው።

አሳዳሪ፦ የተከለከለውን ሰው ወይም ልጁን በአካል የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለ መኖሪያው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ እንክብካቤው ኃላፊነት አለበት።

ሞግዚት፦ ንብረቱን የሚያስተዳድርና በገንዘብ ጉዳይ የሚወክለው ሰው ነው። በተለምዶ ሁለቱን ቃላት እያቀላቀልን እንጠቀማለን፤ በሕግ ግን ሥራቸው የተለየ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ውክልና፦ ችሎታ ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ሥልጣን ነው።

መወሰን መቻልና አለመቻል በሕክምና እንዴት ይታያል?

ሐኪሙ የሚመለከተው ሰውየው በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ መወሰን ይችላል ወይ የሚለውን ነው። አራት ነገሮችን ያያል፦

1. የተነገረውን ይረዳል?
2. ለመወሰን እስኪበቃ ድረስ በአእምሮው ይይዘዋል?
3. ጥቅሙንና ጉዳቱን ያመዛዝናል?
4. ምርጫውን በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ መግለጽ ይችላል?

ለምሳሌ ነርሷ “እማማ፣ ሐኪሙ ስለ እግርዎ ምን አሉ? ባይታከሙስ ምን ይሆናል?” ብላ ልትጠይቅ ትችላለች። እማማ በራሳቸው አነጋገር “ቁስሉ አጥንት ነክቷል አሉ፤ ካልታከምኩ እግሬን ላጣ እችላለሁ” ብለው ከመለሱ ስለ እግራቸው መወሰን ይችላሉ። የዛሬውን ቀን ወይም ዓመተ ምሕረቱን አለማወቃቸው ይህን አይሽረውም። በሌላ በኩል ይኸው ሰው ስለ ሕክምናው መወሰን እየቻለ፣ የተወሳሰበ የመሬት ውል ግን ላይገባው ይችላል።

ቤተሰብ የማይስማማበት ውሳኔ ሁሉ የአእምሮ ጉድለት ምልክት አይደለም። “መርፌ አልወጋም” ያለ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ከቻለ መብቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 ማንም ሰው ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል።

ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት፦ ሊድን የሚችል ምክንያት ይኖር ይሆን?

መደናገር ሁሉ ዘላቂ አይደለም። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር አብዛኛውን ጊዜ የሌላ በሽታ ምልክት ነው፤ በጊዜ ከታከመም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ታማሚውን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይውሰዱ፦

• ትኩሳት ያለበት መደናገር። የሳምባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የማጅራት ገትር ወይም ታይፈስ ሊሆን ይችላል። ወደ ዓባይ ወይም ወደ በሽሎ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ከሆነ ወባ ሊሆን ስለሚችል ይህን ለባለሙያው ይንገሩ።
• በድንገት የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የአንደበት መያያዝ። ይህ የስትሮክ ምልክት ስለሆነ አንድ ሰዓትም አይጠብቁ።
• የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላብ ሲያጠምቀው፣ ሲንቀጠቀጥና ሲደናገር። መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ እየሰጡ ይውሰዱት።
• ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ወድቆ፣ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ የመጣ መደናገር። ጉዳቱ ከደረሰ ሳምንታት አልፈው ቢሆንም እንኳ ይመርመር።
• ብዙ አረቄ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚታይ መንቀጥቀጥና የሌለ ነገር ማየት።
• ራሴን አጠፋለሁ ማለት ወይም ሌላውን ለመጉዳት መሞከር።

ቀስ ብሎ የመጣ መርሳትም ቢሆን መመርመር አለበት። በአረጋውያን ላይ ድብርት የመርሳት ሕመም ሊመስል ይችላል። የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አእምሮን ያደበዝዛሉ። ሦስቱም ይታከማሉ።

መስማትና ማየት ያለመቻልን ከአለማሰብ ጋር አያምታቱ። ጆሮው የደከመ ሽማግሌ የተጠየቀውን ስላልሰማ የተዛባ መልስ ሊሰጥ ይችላል። በዓይን ሞራ ወይም በትራኮማ ምክንያት ማየት የተሳናቸው ሰዎችም አእምሯቸው ሙሉ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በዓይን ሕክምናው የታወቀ ነው። ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቃል። በቁጥር 340 ዓይነ ሥውራን፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውና ሌላ ዘላቂ የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን መጠበቅ ካልቻሉ ጥበቃውን ለራሳቸው መጠየቅ ይችላሉ ይላል። ጥበቃው የእነርሱ ምርጫ ነው፤ ማየት ስላልቻሉ ብቻ መብታቸውን ማንም አይወስድባቸውም።

ጸበል የሚጠመቁ ወይም ወዳጃ የሚያስደርጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ጸሎቱና ሕክምናው አብረው መሄድ ይችላሉ። መድኃኒቱን ግን ባለሙያ ሳያማክሩ አያቋርጡ። ታማሚውን በሰንሰለት ወይም በገመድ ማሰር ቁስል፣ የጡንቻ መሟሸሽና ከባድ የመንፈስ ጉዳት ያስከትላል። ለማሰር የሚያስገድድ ደረጃ ላይ ደርሷል ብለው ካሰቡ፣ ያ ራሱ አስቸኳይ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ምልክት ነው። በመካነ ሰላም ማግኘት ያልተቻለ የአእምሮ ሕክምና ካለ ወደ ደሴ ሪፈር ሊጻፍ ይችላል።

ስለ ሕክምናው ማን ይፈቅዳል?

• ታማሚው መወሰን ከቻለ፦ እርሱ ራሱ። የቤተሰብ ምክር ያግዛል እንጂ የእርሱን ቃል አይተካም።
• ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነና ራሱን ካላወቀ፦ ባለሙያዎቹ ሕይወቱን ለማዳን የሚያስፈልገውን ያደርጋሉ። ፈራሚ አለመገኘቱ ሕክምናውን ሊያዘገይ አይገባም።
• መወሰን ካልቻለና ክልከላ ካልተወሰነ፦ በሆስፒታሎች አሠራር የቅርብ ዘመድ ተጠይቆ ይፈርማል። በዚህ ጊዜ ራስዎን የሚጠይቁት “እኔ ምን እፈልጋለሁ?” ብለው ሳይሆን “እርሱ ጤነኛ ሳለ ምን ይመርጥ ነበር? የሚጠቅመውስ የቱ ነው?” ብለው ይሁን።
• በፍርድ ከተከለከለ፦ አሳዳሪው። ቁጥር 20 የልጅ ወይም የተከለከለ ሰው አሳዳሪ ለጤና የሚጠቅም ምርመራና ሕክምና የማስደረግ ሥልጣኑ የተጠበቀ መሆኑን ይገልጻል። “ለጤና የሚጠቅም” የሚለው ቃል ወሰን ነው። አሳዳሪው የሚጎዳ ነገር የመፍቀድ ሥልጣን የለውም።

የፍርድ ክልከላ መቼ ያስፈልጋል?

ክልከላ ከባድ እርምጃ ነው። የሰውየውን የመዋዋልና የመናዘዝ መብት ይይዛል፤ ለማግባትም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አካል ጉዳተኞች በሕግ ፊት እኩል ሰዎች መሆናቸውንና ውሳኔያቸውን ለማድረግ ድጋፍ ማግኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል።

መጀመሪያ የሚከተሉትን ይሞክሩ፦ ታማሚው በደንብ በሚያስብበት ሰዓት፣ ብዙዎች ላይ ጠዋት፣ ነገሩን በአጭር አነጋገር ያስረዱት፤ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ ውሳኔውን በአንድ ቀን አያስገድዱት። ይህ ከበቃ ክልከላ አያስፈልግም።

ክልከላ የሚያስፈልገው ችግሩ ዘላቂ ሲሆንና ታማሚው በሌሎች ሲጎዳ ነው። ለምሳሌ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት አረጋዊት ባልቴት አሉ እንበል። አንድ ዘመድ መሬታቸውን ለብዙ ዓመት በትንሽ ገንዘብ አከራየሁ የሚል ወረቀት በጣታቸው አስፈርሟል። ሌላው ከብቶቻቸውን ነድቷል። እሳቸው ለደም ግፊት መድኃኒታቸው መግዣ አጥተዋል። እዚህ ላይ ተቆጣጣሪ ያለው፣ ሒሳብ የሚያቀርብ ሞግዚት ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 351 ፍርድ ቤት ክልከላ የሚወስነው የሰውየው ጤናና ጥቅም ሲያስገድድ እንደሆነ ይናገራል።

ማመልከቻው እንዴት ይቀርባል?

በቁጥር 353 መሠረት ማመልከት የሚችሉት ታማሚው ራሱ፣ ባል ወይም ሚስት፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዶቹ ራሳቸው የሚጎዱት ሰው ካወቁ፣ ለወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

1. ታማሚው የሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄደው ስለ አቤቱታው አቀራረብ ይጠይቁ።
2. የሕክምና ማስረጃ ያዘጋጁ። ማስረጃው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን መቼ እንደጀመረ፣ ይሻላል ወይስ ይቆያል፣ ታማሚው የትኛውን ነገር መወሰን እንደሚችልና እንደማይችል ቢገልጽ ለዳኛው ይጠቅማል። ፍርድ ቤቱ ራሱ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል።
3. ዝምድናዎን የሚያሳይ ማስረጃና ሁኔታውን የሚያውቁ ምስክሮች ይያዙ። ጎረቤት፣ የቅሬ አባል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩ ምስክር ናቸው።
4. የንብረቱን ዝርዝር ይጻፉ፦ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ከብት፣ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ዕዳ።
5. ታማሚውን ፍርድ ቤቱ ሊያየው ይገባል። መንቀሳቀስ ካልቻለ ቀድመው ያስታውቁ፤ ዳኛ ወይም ፍርድ ቤቱ የመደበው ባለሙያ ሄዶ ሊያነጋግረው ይችላል።

የቀረበውን ማመልከቻ ታማሚው መቃወም ይችላል። እርስዎ ታማሚው ከሆኑና ዘመዶችዎ ያለ በቂ ምክንያት ሊያስከለክሉዎት ከሞከሩ፣ ዳኛው በአካል እንዲያነጋግርዎትና በሌላ ሐኪም እንዲመረመሩ ይጠይቁ።

አሳዳሪውና ሞግዚቱ ምን ያደርጋሉ? ምንስ አይችሉም?

ገንዘቡ የታማሚው ነው። ሞግዚቱ ከኪራይ ወይም ከእኩል እርሻ የሚገኘውን ገቢ ለታማሚው ምግብ፣ መድኃኒት፣ ልብስና ሕክምና ያውለዋል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውንም በወቅቱ ይከፍላል። የገባውንና የወጣውን በደብተር ይመዝግብ፤ ደረሰኝ ያስቀምጥ። ቤት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። የገጠር መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለማንም አይሸጥም። ሞግዚቱ የታማሚውን ንብረት ለራሱ መግዛት፣ ለራሱ ዕዳ ማስያዝ ወይም ለሌላ ሰው በስጦታ መስጠት የለበትም። በደል የፈጸመ ሞግዚት በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል።

ከክልከላው በፊት የተፈረሙ ውሎች ምን ይሆናሉ?

ከክልከላው በኋላ የተከለከለው ሰው ብቻውን የተዋዋለው ውል እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ከክልከላው በፊት የነበረው ግን በሁለት ይከፈላል።

ሕመሙ “ግልጽ” ከነበረ ውሉን ማፍረስ ይቀላል። ሕጉ ሕመሙ ግልጽ ነው የሚለው ሰውየው በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት በሆስፒታል ወይም በመጠበቂያ ተቋም ተኝቶ በነበረበት ጊዜ ነው። ለገጠር ደግሞ በቁጥር 342 የተለየ ደንብ አስቀምጧል፤ ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት ቀበሌ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርጉት ከሆነ ሕመሙ ግልጽ እንደሆነ ይቆጠራል። ዛሬ ብዙ የገጠር ቀበሌዎች ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ሕዝብ ስላላቸው “ቤተሰብ ይጠብቀው ነበር” የሚለው ምስክርነት ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ሕመሙ ግልጽ ካልነበረ፣ ውሉ በተፈረመበት ሰዓት ሰውየው በትክክል ፈቃዱን መስጠት ይችል እንዳልነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሕክምና ካርድ ትልቅ ዋጋ አለው። ካርዱን፣ የሪፈር ወረቀቱንና የመድኃኒት ማዘዣውን አይጣሉ። ውል እንዲፈርስ የሚጠየቅበት ጊዜም ገደብ አለው፤ ለማፍረስ ምክንያት የሆነው ነገር ከተወገደበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ስለዚህ አይዘግዩ።

ውክልና አይበቃም?

የመርሳት ሕመም ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሲሆን ታማሚው የሚያምነውን ሰው በጽሑፍ መወከል ይችላል። ይህ ለጊዜው ጥሩ መፍትሔ ነው። ነገር ግን በሕጋችን ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። ወካዩ ሲሞትም እንዲሁ ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ በአባታቸው ውክልና ባንክ የሚሄዱ ልጆች ችግር ላይ የሚወድቁት በዚህ ምክንያት ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በሌላ አገር ያሉ ልጆች በኤምባሲ በኩል ውክልና ሲልኩ የሚወክሉት የራሳቸውን ጉዳይ ብቻ ነው። ልጅ በላከው ውክልና የእናትን ንብረት ማስተዳደር አይቻልም። እናቲቱ ማሰብ ከቻሉ ራሳቸው ይወክላሉ፤ ካልቻሉ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው።

ኑዛዜ፦ በጤና ጊዜ የሚደረግ ሥራ

በፍርድ የተከለከለ ሰው አዲስ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ያልተከለከለ ሰው ያደረገው ኑዛዜ ደግሞ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚፈርሰው ሲናዘዝ ሕመሙ ግልጽ እንደነበር ከተረጋገጠ ነው። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፦

• በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተጽፎ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህ መፈጸሙና ቀኑ ተጽፎ ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክሮች ይበቃሉ። መጻፍ ለማይችል ሰው ይህ ዓይነቱ፣ በተለይም በዳኛ ፊት የተደረገው፣ የበለጠ አስተማማኝ ነው።
• በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ያለበት።
• በቃል የሚደረግ ኑዛዜ፦ ሞት የቀረበ የመሰለው ሰው ለ2 ምስክሮች የሚናገረው ቃል ነው።

የቃል ኑዛዜ ብዙ ቤተሰብ የሚጣላበት ነው። ሕጉ በቃል ኑዛዜ እንዲደረግ የሚፈቅደው ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት መናገርን፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠትንና ለትንንሽ ልጆች አሳዳሪ ወይም ሞግዚት መሰየምን ብቻ ነው። ሰውየው ከተናገረ በኋላ 3 ወር በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይቀራል። ስለዚህ በሆስፒታል አልጋ ላይ ለነፍስ አባት ወይም ለሸኽ የተነገረ “ቤቱ ለእገሌ ይሁን” የሚል ቃል ክቡር ቢሆንም ቤቱን አያስተላልፍም።

ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን። ታማሚውን በሙያቸው የሚያክሙ ወይም በመንፈሳዊ አገልግሎት የሚረዱ ሰዎች የኑዛዜ ተጠቃሚ ሲሆኑም ፍርድ ቤት ስጦታውን ሊቀንስ ወይም ሊሰርዝ የሚችልበት ሁኔታ አለ። የጤና ባለሙያ ከሆኑ ከታማሚዎ ኑዛዜ አይቀበሉ። የገጠር መሬት ለማን ሊተላለፍ እንደሚችል የክልሉ የመሬት ሕግ ስለሚወስን፣ ከመናዘዝ በፊት የወረዳውን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ከሞት በኋላ ምን ይደረግ?

1. ሞቱን በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያስመዝግቡና የሞት የምስክር ወረቀት ይውሰዱ። በሆስፒታል ከሞተ የሆስፒታሉን የሞት ማሳወቂያ ይያዙ።
2. ሟቹ በሚኖርበት አካባቢ ለሚገኘው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። ባንክና የመሬት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቁት ይህንን ነው።
3. ዕዳ፣ ኑዛዜ ወይም ክርክር ካለ ውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ይቻላል።

ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ሴት ልጅ ስላገባች፣ ወይም ልጁ የአእምሮ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ስላለበት ድርሻው አይቀነስም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩል የመሬትና የውርስ መብት ያስከብራል። የታመመ ወራሽ ድርሻውን ሞግዚቱ ይረከብለታል። ያለአግባብ ውርሱን የያዘውን ሰው ለመክሰስ መብትዎንና ንብረቱ በሌላ መያዙን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ 3 ዓመት ብቻ አለዎት። ከ15 ዓመት በኋላ ደግሞ በመርሕ ደረጃ ክሱ አይሰማም።

ወላጅ ላጡ ልጆች

ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ሁለቱም ከሌሉ ወላጅ በኑዛዜ የሰየመው ሰው፣ ካልሰየመም ከቅርብ ዘመዶች አንዱ ኃላፊነቱን ይወስዳል፤ አከራካሪ ሲሆን ፍርድ ቤት ይወስናል። መመዘኛው የልጁ ጥቅም ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ወላጆች ጤነኛ ሳሉ አሳዳሪ ቢሰይሙ ልጆቻቸውን ከብዙ እንግልት ያድናሉ።

ሽማግሌ፣ አበጋርና የሸሪዓ ፍርድ ቤት

በወሎ ብዙ ጠብ በአበጋርና በሽማግሌ ይበርዳል። ዘመዶች ማን ታማሚውን እንደሚያስታምም፣ መሬቱን ማን በእኩል እንደሚያርስ፣ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚችል በሽማግሌ ፊት ቢስማሙና በጽሑፍ ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ሽማግሌ ግን ሰውን ችሎታ የለውም ብሎ ሊከለክል አይችልም። ሙስሊም ቤተሰቦች የውርስና የልጆች አሳዳሪነት ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ መምረጥ ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ተከራካሪዎቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዱ ካልተስማማ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል።

ታማሚው ሲሻለውስ?

ክልከላ የዕድሜ ልክ ማኅተም አይደለም። ምክንያት የሆነው ሕመም ሲወገድ ክልከላው እንዲነሣ ይጠየቃል። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ በእርሻው፣ በገበያውና በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ቀድሞው የሚኖር ሰው፣ የሚከታተለው ሐኪም በሚሰጠው ማስረጃ መብቱን ማስመለስ ይችላል። አሳዳሪ ከሆኑ ይህን ቀን የሚጠባበቁት ይሁኑ፤ በየክትትሉ ቀጠሮ ለሐኪሙ “አሁን ምን ምን ራሱ መወሰን ይችላል?” ብለው ይጠይቁ።

ሲቸገሩ ወዴት ይሂዱ?

• ለጤናው፦ በቅርብዎ ያለ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም መካነ ሰላም ሆስፒታል።
• የሚበደል ታማሚ ካዩ፦ ፖሊስ፣ የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ወይም የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት።
• ለመሬት ጉዳይ፦ የወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት።
• ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለዎት፦ ነፃ የሕግ ድጋፍ የት እንደሚገኝ በፍርድ ቤቱ ይጠይቁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የእርስዎን ጉዳይ የሚያውቅ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ የሚሰጡትን ምክር አይተካም።